የአጎቴ ሽጉጥ

ሽጉጥ የሚለው ስም ከወዴት እንደ መጣ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ሸጎጠ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በመቀነት ሥር፣ በጉያ ወይም በትራስ ሥር የሚሸጎጥ ማለት ነው። አባቶቻችን ለጠመንጃ ስም ሲያወጡ ምንሽር፣ ለበን፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ እያሉ የባዕዱን ስም በራሳቸው አንደበት አስማሙት። ትንሿን መሣሪያ ግን በአያያዟ ጠሯት። ጠመንጃ የሚታይ ነገር ነው፤ በሠርግና በለቅሶ በትከሻ ላይ ሆኖ የባለቤቱን ክብር ይናገራል፣ ይፎከርበታል። ሸጉጠው በያዙት ነገር ግን እንዴት ይፎከራል?

በዚህ ጥያቄ ላይ እንዳስብ ያደረጉኝ አጎቴ ናቸው። አጎቴ ላፍቶ ይኖራሉ፤ ወደ ሃና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር የግንባታ ብረት፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሰባት ነው። እኔም ከኮሌጅ ከወጣሁ ወዲህ በእርሳቸው ቤት ተቀምጬ፣ በክፍለ ከተማችን ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ታሪክ አስተምራለሁ። አጎቴ ማታ ማታ የሱቁን ገንዘብ ይዘው ስለሚገቡ በቀኝ ወገባቸው፣ ከኮታቸው ሥር፣ አንዲት ቤሬታ ሸጉጠው ይሄዳሉ። አያቴ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ሞረት ላይ ከአንድ የኢጣሊያ መኮንን የማረኳት ናት። ርዝመቷ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቷም ጥይት ሳይጐርሳት ከ700 ግራም አይሞላም። ኪስ ውስጥ ስትገባ ከአንድ የጸሎት መጽሐፍ የበለጠ ቦታ አትይዝም።

በጎኗ ላይ የፋብሪካው ስም፣ ጋርዶኔ የሚባለው የከተማው ስም፣ 1937 የሚል ቁጥርና ከእርሱ ቀጥሎ በሮማውያን አኀዝ የተጻፈ 15 ይነበባል። አጎቴ ይህን 15 የሽጉጧ ተራ ቁጥር ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን የፋሽስቶች ዓመት መሆኑን ነገርኋቸው፤ ሙሶሊኒ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምረው የራሳቸውን ዘመን ይቈጥሩ ነበርና። አጎቴ ጥቂት አሰቡና፣

«ዘመናቸውን በብረት ላይ ጽፈው መጡ፤ ዘመኑ ሄደ፣ ብረቱ እኛ ዘንድ ቀረ» ብለው ሳቁ።

የጥይቷ ነገር ለብቻው ታሪክ ነው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር አጭር ይባላል። በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት የመጣው ማካሮቭም ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ስለሚባል፣ ብዙ ሰው የሁለቱ ጥይት አንድ ይመስለዋል። አንድ አይደለም፤ የማካሮቭ ቀለሃ በአንድ ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ አረሩም ይወፍራል። ስለዚህ አጎቴ ያሏቸው ሰባት ጥይቶች ብቻ ናቸው፤ ካዝናዋም የምትይዘው ሰባት ነው። ስንት ዓመት እንደ ቈዩ የሚያውቅ የለም። «ለመሆኑ ይተኵሳሉ ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔም ራሴን የምጠይቀው እርሱን ነው» አሉኝ።

በ2012 ዓ. ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቶ መሣሪያ በፈቃድ ብቻ እንዲያዝ ሲደነገግ፣ አጎቴ ወረቀታቸውን አሟልተዋል። ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልለው ከመታወቂያቸው ጋር ይይዟታል። እኔ እንደ ታዘብሁት ግን ከሽጉጧ ይልቅ የምትወጣውና የምትገባው ወረቀቷ ናት። አንባቢ ሆይ፣ ከተማችንን ታውቃታለህ። ባንክ ብትሄድ ፍተሻ አለ፤ መሥሪያ ቤት ብትሄድ፣ ሆቴል ብትገባ፣ ሲኒማ ልትመለከት ብትሰለፍ ፍተሻ አለ። እንግዲህ በአዲስ አበባ ሽጉጥ ሸጉጦ መሄድ ከማን መደበቅ ነው? ዘበኛው እጁን ወደ ወገባቸው ሲልክ አጎቴ ቀድመው «አለ» ይላሉ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይስባሉ። ዘበኛው «አባቴ፣ ይዘው መግባት አይችሉም» ይላል፤ ወረቀት ይወጣል፣ አለቃ ይጠራል፣ ሩብ ሰዓት ያልፋል። በዚህ ምክንያት አሁን አሁን ባንክ የምሄድላቸው እኔ ነኝ። ገንዘብ ለመጠበቅ የተያዘች ሽጉጥ ባለቤቷን ከባንክ በር ከለከለችው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሌላውም ነገር እንደዚሁ ነው። በሚኒባስ ሲሄዱ በቀኝ በኩል ሰው እንዳይቀመጥ መስኮቱን ይመርጣሉ፤ መስኮቱ ከተያዘ ሌላ መኪና ይጠብቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቤት ያስቀምጧታል፤ ስለዚህ እሑድ ጠዋት የሚሄዱት ሌላ ሰው ናቸው፣ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ። በሌላው ቀን ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው አይርቅም። ኮታቸውን በሙቀትም አያወልቁም። ላብ ብረት ያዝጋልና በየሳምንቱ ቅዳሜ ጋዜጣ አንጥፈው በዘይት ይወለውሏታል። ጠጅ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ እርሱንም ትተዋል። መጠጥና መሣሪያ በአንድ ወገብ አይኖሩም ይላሉ።

ቍጣቸውንም ትተዋል። ይህ ከሁሉ ይልቅ አስደነቀኝ። አክስቴ እንደምትነግረኝ አጎቴ በወጣትነታቸው የነገሩትን የማይረሱ፣ የሰደባቸውን የማያልፉ ሰው ነበሩ። ባለፈው ዓመት አንድ የጭነት መኪና ነጂ ከሱቃችን ፊት ለፊት አቁሞ፣ ደንበኛ በሰማው በሚያሳፍር ስድብ ሰደባቸው። አጎቴ ወደ ውስጥ ገብተው ሚስማር መመዘን ጀመሩ። ኋላ ስጠይቃቸው፣ «ባዶ እጄን ብሆን ኖሮ መልስ እሰጠው ነበር» አሉኝ።

ሰው ሁሉ እንዲህ አይደለም። በሰፈራችን አንድ ወጣት ነጋዴ አለ፤ ሻይ ለመጠጣት በተቀመጠ ቁጥር ኮቱን ገለጥ አድርጎ አዲስ የቱርክ ሽጉጡን ያሳያል። ፈቃድ ይኑረው አይኑረው የጠየቀው የለም። ከዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ በኮንትሮባንድ እየገባ መያዙን ጋዜጦቻችን ደጋግመው ጽፈዋል። ይህ ወጣት የሚፈልገው የአያቶቹን ፉከራ ነው፤ ነገር ግን ጀብዱው የለም፣ ያለው የተገለጠ ኮት ብቻ ነው። አስተናጋጇ ሒሳብ ስትጠይቀው ድምፅዋ ይቀንሳል። እርሱ ይህን ክብር ይለዋል።

አጎቴን ሌቦች አግኝተዋቸው ያውቃሉ። ጀርመን አደባባይ አጠገብ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በሞተር ብስክሌት የመጡ ሁለት ልጆች ስልካቸውን ከእጃቸው ነጥቀው ሄዱ። ቤሬታዋ በወገባቸው ነበረች። ሰው ሁሉ ማታ ቤታችን እየመጣ «ለምን አላወጧትም?» ይላል። አጎቴ ኮታቸውን ገልጠው እስኪያወጡ ድረስ ሞተሩ ጎፋ እንደሚደርስ፣ መንገዱም ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልቶ እንደ ነበር አስረዱ። ሰዉ ከሄደ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ከኋላ የተቀመጠው የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሷል፤ ያንተ ተማሪ ይሆን ብዬ ነው» አሉኝ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ በእያንዳንዱ «አቤት» ቀና እያልሁ ፊታቸውን ተመለከትሁ።

ስለ ሽጉጥ ባለቤት ሲወራ የባለቤቱን ሚስት የሚጠይቅ የለም። በቤታችን ሣጥኑን ቈልፋ ቁልፉን ከአንገቷ የምታስረው አክስቴ ናት፤ ማታ ማታም ጥይቶቹን ቈጥራ ሰባት መሆናቸውን ሳታይ አትተኛም። ከሁለት ዓመት በፊት የብረት ዋጋ ተለዋውጦ ሱቁ በዕዳ ሊዘጋ በደረሰ ጊዜ፣ አጎቴ ብዙ ቀን ሳይናገሩ ተቀመጡ። በዚያ ሰሞን አክስቴ ቁልፉን ጎረቤት አሳድራ ነበር። እኔ ምክንያቱ የገባኝ ቈይቶ ነው። ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍልን ዐፄ ቴዎድሮስን አስተምር ነበር፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. መቅደላ ላይ ንጉሡ ሕይወታቸውን የጨረሱባት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣች እንደ ነበረች ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄ ተሰበረ፤ ልጆቹ ለንጉሡ ያዘንሁ መሰላቸው። አጎቴ ዕዳቸውን ከፍለው ጨርሰዋል። አክስቴ ግን መቍጠሯን አልተወችም።

አሁን የአጎቴ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። በጾመ ፍልሰታ መጨረሻ አንድ ማታ ጠርተውኝ፣ ወንድ ልጅ እንደሌላቸው፣ የአያቴም እጅ ያለባት ነገር ወደ ባዕድ እንዳትሄድ፣ ፈቃድ አውጥቼ እንድረከባቸው ጠየቁኝ። እስከ መስቀል መልስ እንድሰጣቸው ነገሩኝ። እኔም እስከ መስቀል አልቈየሁም።

«ጋሼ፣ እኔ ከልጆች መካከል ነው የምውለው። ይዤያት ክፍል ልገባ አልችልም፤ ትቻት ከወጣሁ ደግሞ እቤት አክስቴን ነው የማስጠብቃት» አልኋቸው።

«አባቴ በቀበቶው ላይ፣ በአደባባይ ነበር የሚይዛት። የደበቅኋት እኔ ነኝ» አሉ።

ለሙዚየም ወይም ለአርበኞች ማኅበር ብንሰጣትስ አልኋቸው። በመስታወት ውስጥ የገባች ሽጉጥ የማን እንደ ነበረች ማን ይጠይቃል ብለው ተቈጡ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲቈጡ ማየቴ ነው። ስማቸውንና ሞረትን በወረቀት ጽፌ ከሥሯ እንደማኖር ነገርኋቸው። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ቡና ላይ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አሠራሩን እንጠይቅ አሉ፤ ነገር ግን አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲደረግላቸው ፈለጉ።

ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ቤታችን መጣ። አክስቴ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች፤ ጥይቶቹን ግን አልሰጠችም። አጎቴ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ የአያቴን ሰፊ ቀበቶ ከላይ ታጥቀው፣ ቤሬታዋን በግልጥ ከፊት ሰክተው በበረንዳው ላይ ቆሙ። ፎቶግራፍ አንሺው እጃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ሁለት ጊዜ ነገራቸው፤ ቀኝ እጃቸው ሳያውቁት ሽጉጧን ይሸፍናት ነበር።