ባለ መርሴዲስ

በአዲስ አበባ ሰው ከመኪናው ቀድሞ አይታይም። ዘበኛ በር የሚከፍተው፣ ሎተሪ አዟሪ የሚጠጋው መኪና አይቶ ነው። ነገሩ የዛሬ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስዋገን ነበር። የዚያን ቀን ከተነበበላቸው ቃል ይልቅ በሰው አፍ የቀረችው ቮልሷ ናት።

እኔ የምነዳት ከአባቴ የወረስኳትን መርሴዲስ 240 ዲ ነው። ፋብሪካው የዚህን ሞዴል ቤተሰብ ከ1976 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሠርቷል። ጣጣዋ የሚጀምረው ከስሟ ነው። ገበያ ስወርድ ቲማቲም ይወደድብኛል። እድር ላይ መዋጮ ሲነሳ «አንተማ ባለ መርሴዲስ!» እባላለሁ። ሠርግ አዳራሽ ስደርስ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ዘበኛው ከኋላዬ ለመጣው ቪ8 መንገድ ሊያስለቅቅ «ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» ይለኛል። ለድሃው ሀብታም፣ ለሀብታሙ ድሃ ሆኜ አረፍኩት።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፈጣን አይደለችም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ሚኒባሱ ሁሉ እየቀደመን ይሄዳል። ጭሷንም አልክድም።

ታዲያ ለምን አትሸጣትም? ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ያለው ጋራዥ ነው። ሁሉም «አለቃ» የሚሏቸው ሽማግሌ መካኒክ አሉኝ። ሞተሩ ሲንገጫገጭ ኮምፒውተር አያመጡም። የናፍጣ ቱቦዎቹን በየተራ ላላ፣ ጠበቅ እያደረጉ ያዳምጣሉ። ቱቦው ላልቶ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ያ ሲሊንደር ቀድሞም ሥራ ፈት ነበር ማለት ነው። «ይኸው፣ ሦስተኛው ነው» ይላሉ። ይፈቱታል፤ ሦስተኛው ነው!

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። አሁን በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ድምፅ ሳያሰሙ አጠገቤ ይቆማሉ። አልቀናም፤ ለጭስ የሚያለቅስ ሰው የለም። የሚያሳስበኝ የአለቃ ነገር ነው። በልጅነታቸው ጋራዥ ገብተው እዚያው ሸበቱ፤ ጡረታ የሚባል የላቸውም። ሙያ ያስተማሯቸው ሁለት ልጆች ጥለዋቸው ታክሲ መንዳት ጀምረዋል። ባለፈው እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ፣ «አንተ ልጅ፣ ይቺ ስትቆም እኔም ቆምኩ ማለት ነው» አሉኝ። ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

የአሮጌ መኪና ዕጣ በዐዋጅ ይወሰናል። ያንን መኪና ዕድሜ ልኩን ሲጠግን የኖረ ሰው ዕጣ ግን በማን ይወሰናል? አዲሱን በደስታ ስንቀበል፣ እስከዚህ ያደረሱንን እጆች «አመሰግናለሁ» እንኳ ሳንል የምናልፋቸው ይመስለኛል።

አንድ ደላላ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ሶማሌ ተራ ለመለዋወጫ የሚፈታት ሰው አግኝቷል። ዋጋውም መጥፎ አይደለም። እኔ ግን መልሴ አንድ ነው፤ መጀመሪያ አለቃ መፍቻቸውን ያስቀምጡ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።