መጀመሪያ ጸጥታ?

«አገር ሲታመስ ምን ዴሞክራሲ ያስፈልጋል? መጀመሪያ ጸጥታ!» የሚል ሰው አላጋጠማችሁም? እኔ በየሻይ ቤቱ እሰማዋለሁ። አይፈረድበትም። ቤቱ እየነደደ ያለን ሰው «ና ለምርጫ ተመዝገብ» ቢሉት ይሳደባል።

ግን ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ሳስብ ነገሩ አልዋጥልኝ ይላል።

የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ይላቸዋል። የ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ አማራው እንደ ጉሙዙ ሁሉ 21 በመቶ ገደማ፣ ኦሮሞው 13 በመቶ ገደማ መሆኑን ያሳያል። አንዱ «መሬቴን ልነጠቅ ነው» ይላል፤ ሌላው «በተወለድኩበት እንግዳ ሆንኩ» ይላል። ሁለቱም ስጋት እውነተኛ ነው፤ መነጋገሪያ ይፈልጋል።

በ1992ቱ ምርጫ የነባሮቹን ቋንቋ አትችሉም ተብለው ከዕጩነት የታገዱ ነዋሪዎች ነበሩ። ጠመንጃ አላነሡም፤ አቤቱታ ጻፉ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ አማርኛን፣ መቻል ይበቃል ብሎ ወሰነ። ዘገየ፤ ምርጫው አልፏል። ቢሆንም ጠቡ ወረቀት ላይ ቀረ።

በኋላ ግን ወረቀቱ ቦታውን ለጥይት ለቀቀ። መስከረም 2011 በካማሺ መንገድ አራት የክልሉ ባለሥልጣናት ተገደሉ፤ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። በ2013 መተከል በኮማንድ ፖስት ሥር ነበረች። ታኅሣሥ 13 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል ሄደው ነዋሪውን አነጋገሩ፤ በማግስቱ ንጋት ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች ተጨፈጨፉ። ወታደር አልነበረም እንዴ? ነበረ። ግን ወታደር በየጎጡ አይቆምም። ጎረቤት በጎረቤቱ ሊነሣ መሆኑን ቀድሞ የሚሰማው ገበሬው ነው። ለማን ይንገር? ለላይ ሹም እንጂ ለእሱ ለማይጠየቅ የቀበሌ ሹም? አይነግርም፤ ዝም ይላል። ዝምታው ነው የጸጥታ ክፍተቱ።

እንደኔ እንደኔ የሚያምኑት ተመራጭ ከኬላ ይበልጣል። ጥይት በሚጮህበት ቀበሌ ሳጥን ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ክልሉ ራሱ በ2015 ከታጠቀው የጉሙዝ ንቅናቄ ጋር ተደራድሮ ተፈራርሟል። መተከልና ካማሺ በ2013 ያመለጣቸውን ድምፅ የሰጡት ግን ሰኔ 2016 ነው። ሦስት ዓመት! ጳጉሜ 2017 የመረቅነው ታላቁ ግድብ ያለውም እዚያው መተከል፣ ጉባ ነው። ግድቡን መድፍ ይጠብቀው ይሆናል፤ አካባቢውን የሚጠብቀው ግን ሰሚ ያገኘ ነዋሪ ነው።