ካንዱ ድራማ ሌላውን ስለ መውለድ

አንድ በድምፅ የሚተላለፍ ድራማ ካለቀ በኋላ ከውስጡ አንዱን ሰው ነጥሎ በርሱ ዙሪያ ሌላ ድራማ መዠመር ባሁኑ ዘመን በውጭ አገር የተለመደ ሥራ ነው። ይህ ሐሳብ በኛም ቤት ገብቶ ከዓመት በላይ ሲያከራክረን ስለ ቆየ፥ ማታ ማታ ከልጆቻቸው ጋራ ተሰብስበው ድራማ ማዳመጥ የሚወዱ ክቡራን አንባቢዎቻችን ክርክራችንን ቢሰሙት ደስ ይላቸው ይሆናል ብለን ይህን ጽፈናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ በአዳማ የምንኖር ባልና ሚስት ከእኅት ከወንድሞቻችንና ከጥቂት ጎረቤቶቻችን ጋራ ሆነን በ2016 ዓ.ም. 20 ክፍል ያለው የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ሠርተን በእጅ ስልክ ለሚያዳምጡ ሰዎች አሰማን። የቀረጽንበትም ስፍራ የገዛ ሳሎናችን ነው፤ ድምፁ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነን፥ የማቀዝቀዣውን ገመድ ነቅለን፥ በደጅ የሚያልፈው የባጃጅ ጩኸት ጸጥ እስኪል እየጠበቅን ሠራነው። ታሪኩ አንዲት የወንጂ ልጅ መሐንዲስ ሆና ወደ ማርስ በምትሄድ መርከብ ስትጓዝ የሚደርስባትን ይናገራል። ከማርስ ወደ ምድር የተላከ ቃል፥ ሁለቱ እንደ ተቀራረቡና እንደ ተራራቁ መጠን፥ ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ልጂቱ የላከችው ሰላምታ ባያቷ ዦሮ የሚገባው እርሷ ሌላ ሥራ ከያዘች በኋላ ነው፤ የርሳቸውም ምርቃት ወደርሷ የሚደርሰው ያስጨነቃት ነገር ካለፈ ወይም ከባሰ በኋላ ነው።

አያትየው በምድር ባቡር ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ የአዳማ ሽማግሌ ሆነው የተደረሱ ናቸው። በ20ው ክፍል ውስጥ የተናገሩት ሁሉ ተሰብስቦ ቢቈጠር ካርባ ደቂቃ አይበልጥም። እኛ ያሰብነው አድማጩ ከልጂቱ ጋራ ወደ ማርስ እንዲሄድ ነበር፤ አድማጩ ግን ካያትየው ዘንድ ቀረ። መርከቢቱ በደኅና መድረሷን የጠየቁን ጥቂቶች ሲሆኑ፥ ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆኑ ያልጠየቀን ሰው የለም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ላያትየው የራሳቸው ድራማ ይሠራላቸው የሚለው ሐሳብ የተነሣው ከዚህ ነው። እኛም ለንግግር እንዲመቸን የፊተኛውን እናት ድራማ፥ የሚወለደውን ልጅ ድራማ እያልን እንጠራቸዋለን።

ታናሽ እኅታችን ገና ከመዠመሪያው ተቃወመች። ጨው ወጥን ያጣፍጣል፥ ጨውን ብቻውን ግን ማን ይበላል ስትል ጠየቀች። ሰዎቹ ሽማግሌውን የወደዷቸው ጥቂት ስለ ሰሟቸው ነውና፥ ባሥር ክፍል ሙሉ ቢያወሩ ይሰለቻሉ ማለቷ ነው። ወንድማችን ደግሞ አድማጩ ሳይረሳን ቶሎ እንቀጥል ይል ነበር። ገንዘቡን በሚመለከት ብዙ ክርክር አልነበረም፤ የሌለ ነገር አያከራክርም።

የእኅታችን ቃል እውነት ስላለበት የሌሎችን ሥራ ማየት ግድ ሆነብን። በእንግሊዝ አገር «ዶክተር ሁ» የተባለው በጊዜና በከዋክብት መካከል የሚመላለስ መንገደኛ ታሪክ በኅዳር 1956 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ተዠምሮ፥ ተከታታይነቱ በ1982 ዓ.ም. ተቋረጠ። በ1991 ዓ.ም. ቢግ ፊኒሽ የሚባል ኩባንያ ያንኑ ታሪክ በድምፅ ብቻ ይቀጥለው ዠመር፤ ከዚያም ካንዱ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ ወጣ። በ1996 ዓ.ም. የተዠመረው «ጋሊፍሬይ» የሚባለው ቅርንጫፍ መንገደኛው ትቶት ስለ ሄደው አገር ቤተ መንግሥትና ስለ ሹማምንቱ ሽኩቻ የሚናገር ነው። ልብ ብለን ስናየው፥ እናቲቱ ባሕርይዋ መጓዝ ስለ ሆነ ባንድ ስፍራ ተቀምጣ የመንግሥትን ነገር ልትመረምር አትችልም፤ ልጂቱ ግን ትችላለች። እንግዲህ ልጅ ድራማ ሊወለድ የሚገባው እናቲቱ ልትጠይቀው የማትችለው ጥያቄ ሲኖረው ነው ብለን ተስማማን። ለኛ ሽማግሌ ይህን የመሰለ ጥያቄ አላቸው ወይ? ዋናው ነገር ይህ ሆነ።

ባገራችንም የምናስበው ምሳሌ አለ። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባለውን ድራማ ባማርኛ በ257 ክፍል፥ «ድምቢባ» የሚባለውን ደግሞ በኦሮምኛ በ140 ክፍል በራዲዮ አሰምቷል። ሁለቱም ስለ ቤተ ሰብ ኑሮና ስለ ጤና የሚያስተምሩ ሲሆኑ፥ የኦሮምኛው ያማርኛው ትርጕም አልነበረም፤ የራሱ ታሪክ ነበረው። እኛም የአዳማ ሽማግሌ መንገደኛውን እንደየቋንቋው ሲያነጋግሩ የኖሩ ስለ ሆኑ፥ ልጅ ድራማው ከተሠራ ካንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚገለበጥ ሳይሆን ከነቀልዱ በሁለቱም የሚጻፍ መሆን አለበት ብለን በዚህ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ተስማማን።

ያስጨነቀን ነገር ከዚህ ይከብዳል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የልጅ ድራማው መክፈቻ ተጽፎ ነበር። በርሱም የዜና አንባቢ ድምፅ በመተሐራና በአዋሽ መካከል ምድር መሰንጠቋንና ባሕር መግባቱን ያስታውቃል፤ አያትየውም የመጨረሻውን ባቡር ለማሳለፍ መብራት ይዘው ከቤታቸው ይወጣሉ። ለዦሮ እጅግ የሚያምር ነበር። ብዙ ሳይቆይ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ምድር በውነት መንቀጥቀጥ ዠመረች። ነውጡም እየበረታ ሄዶ በታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. መጠኑ ከ5 በላይ የሆነ ተመዘገበ፤ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች ብዙ ሺሕ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። እኛም ሌሊት ብርጭቆዎቹ በመደርደሪያው ላይ ሲንቃጨሉ ነቅተን ልጆቻችንን ወደ ደጅ አወጣን። በማግሥቱ ያን መክፈቻ አውጥቶ ለማንበብ የደፈረ ማንም አልነበረም።

በዚህ ነገር የሚጠቀስ ታሪክ አለ። በጥቅምት 20 ቀን 1931 ዓ.ም. ኦርሰን ዌልስ የኤች ጂ ዌልስን የማርስ ሰዎች ወረራ ልብ ወለድ በዜና መልክ አዘጋጅቶ በአሜሪካ ራዲዮ ባሰማ ጊዜ ብዙ ሰው እውነት መስሎት ደነገጠ ተብሎ ተጽፏል፤ ኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን ድንጋጤውን ጋዜጦቹ አብዝተው አጋነኑት ይላሉ። (የጋዜጣ ሰዎች በራዲዮ መቅናታቸው ያኔም ነበረ ማለት ነው።) በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ ግን የደረሰው ተጋኗል የሚባል አይደለም። በየካቲት 1941 ዓ.ም. ያው ታሪክ በከተማው ራዲዮ በዜና መልክ ሲተላለፍ ሕዝቡ ተሸበረ፤ ልብ ወለድ መሆኑ ሲነገረው ደግሞ ተቈጥቶ ራዲዮ ጣቢያውና ኤል ኮሜርሲዮ የተባለው ጋዜጣ ያሉበትን ቤት አቃጠለ፤ በውስጡም የሞቱ አሉ። የኪቶ ሕዝብ ከሽብሩ ይልቅ ያስቈጣው መታለሉ እንደ ሆነ እኛ እናምናለን። ከፈንታሌ ወጥቶ በድንኳን የሚያድር ሰው በስልኩ የሐሰት የመሬት መሰንጠቅ ዜና ቢሰማ፥ እርሱንስ ልብ ወለድ ነው ብለን በምን አፋችን እናጽናናዋለን?

ስለዚህ የዜናው መልክ ይቅር ተባለ። ከዜናው ጋራ ግን ሽማግሌውም ይቅሩ ወይ የሚለው አልተቈረጠም። እኅታችን ይህን ጊዜ አጥብቃ፥ በሚንቀጠቀጥ ምድር ላይ ተቀምጦ ስለ መንቀጥቀጥ ተረት ማውራት ደግ አይደለም አለች። የ11 ዓመት ልጃችን ግን ያልጠበቅነውን ተናገረ። ከዚያች ሌሊት በኋላ እንቅልፍ ያጣው እርሱ ነበር፤ እኛም እንዳይፈራ ብለን ስለ ነውጡ በፊቱ አናወራም ነበር። እርሱ ግን አያትየው ቢኖሩ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር አለን። ይህን የሰማን ጊዜ ክርክሩ ከድራማ ሥራ አልፎ የቤታችን ነገር ሆነ።

የምድርን ነገር ያጠና አንድ ወዳጃችንን ቤታችን ጠርተን ልጁ ባለበት ጠየቅነው። እርሱም የስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ የሚራራቀው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን ነገረን። ልጃችን ወዲያው ወረቀት አምጥቶ አሰላ፤ በ1,000 ዓመት 5 ሜትር፥ በሚሊዮን ዓመት 5 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አዳማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ባያትየው ዕድሜ የሚመጣ ባሕር የለም። ይሁን እንጂ ወዳጃችን ሌላም ጨመረ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቃ፥ በአንዳንዱ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተከፍታለች። 5 ሚሊ ሜትር የተባለው አማካዩ ነው፤ ምድር ብዙ ዘመን ተኝታ ባንድ ጊዜ ትዘላለች። ልጃችን ይህን ሰምቶ ይፈራል ብለን ነበር፤ እርሱ ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ጠየቀና በዚያች ሌሊት እስኪነጋ ተኛ።

ያው ወዳጃችን ባሕሩን ካስቀረብን በኋላ በምትኩ ሐይቅ ሰጠን። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ከየመስኖ እርሻው የሚሰርገው ውሃና ከምድር በታች ያለው ውሃ እየጨመረ መሄዱ እንዳሳደገው አዋቂዎች ይናገራሉ። ውሃው ጨዋማ ስለ ሆነ እርሻን ያበላሻል፤ የመኪናውን መንገድና የባቡሩን ሐዲድም ሲፈታተን ኖሯል። ይህ ሁሉ የሆነው ሳይጮህ ነው። በልብ ወለድ ብንጽፈው አድማጭ አያምነንም ነበር።

ያያትየው ጥያቄ ከዚህ ተገኘ። ሽማግሌው በየጥዋቱ ወደ ውሃው ዳር ወርደው ምልክት ያለው እንጨት ይተክላሉ፤ ውሃው ትናንት ከነበረበት ስንት ጣት እንደ ቀረበ ጽፈው ለሚመለከተው ሹም ይልካሉ፤ ሹሙም መልስ አይሰጣቸውም። ማርስ ላይ ያለችው የልጅ ልጃቸው ካንድ ዓለም ወደ ሌላው የተላከ ቃል በ22 ደቂቃ ሲደርሳት፥ የርሳቸው ደብዳቤ ካንድ ቢሮ ወደ ሌላው 22 ወር ይፈጅበታል። በዝግታ የሚመጣን ነገር ማን ነቅቶ ይጠብቃል የሚለውን፥ እናቲቱ በመርከብ ላይ ሆና ልትጠይቀው አትችልም። እኅታችንም ይህን ስትሰማ የጨውን ነገር ተወችው።

የቀረው የድምፁ ነገር ነው። አያትየውን ሆነው የተጫወቱልን ጎረቤታችን ዕድሜያቸው ወደ 80 የተጠጋ፥ በቀድሞው የምድር ባቡር የሠሩ ሸሚኖ ናቸው። ወረቀት አያነቡም፤ ነገሩ አንድ ጊዜ ሲነገራቸው በራሳቸው ቃል ይመልሱታል። ባሁኑ ጊዜ ደረታቸው ደክሟል፤ ሲናገሩም ሳል ያቋርጣቸዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ከተረከው ወዲህ፥ መጽሐፉን ገልጦ የወጋየሁን ድምፅ የማይሰማ ሰው በኛ ዕድሜ እምብዛም አይገኝም። ታሪክና ድምፅ እንዲህ ከተጋቡ ማፋታት ያስቸግራል። ድራማው ቢዠመርና ድምፁ በመካከል ቢቋረጥስ? ወንድማችን እንዲያውም ድምፃቸው እንዳይጠፋ ቶሎ እንቅረጽ ብሎ ነበር፤ ይህ አነጋገር ግን ሰውየውን ገና በሕይወት ሳሉ እንደ ቅርስ ቈጥሮ መጋዘን ማስገባት ስለ መሰለን አልወደድነውም። ከመንሾካሾክ ራሳቸውን መጠየቅ ይሻላል ብለን አንድ እሑድ ከቡና በኋላ ሁሉንም ሳንሸሽግ ነገርናቸው።

«አባባ፥ እርስዎ ባይችሉ ሌላ ሰው በርስዎ ቦታ ብናስገባ ቅር ይልዎታል?» አልናቸው።

«ልጆቼ፥ ባቡሩ የሚነሣው መንገደኛው ሁሉ መጨረሻ ጣቢያ ሊወርድ ነው ያለ ማነው? እኔ በመንገድ ብወርድ አታቁሙት። ሳሌን ግን አትቍረጡት፤ ሽማግሌ የማይስል ከሆነ ልጆቹ ሐሰት መሆኑን ያውቃሉ» አሉን።

ስለዚህ ልጅ ድራማው ይዠመራል። ለጊዜው 6 ክፍል ይሆናል፤ ሦስቱ በኦሮምኛ፥ ሦስቱ ባማርኛ ተጽፈው ኋላ እያንዳንዱ በሌላው ቋንቋ እንደ ገና ይደረሳል። በያንዳንዱ ክፍል መዠመሪያ ልብ ወለድ መሆኑ በልጃችን ድምፅ ይነገራል፤ የዜና መልክ ያለው ነገር አይገባበትም። ጎረቤታችንም የመዠመሪያውን ክፍል ካነበብንላቸው በኋላ ያቀረቡት አንድ ተቃውሞ ብቻ ነው። በጽሑፉ ባቡሩ ከጣቢያው ሲነሣ አንድ ጊዜ ይነፋል ይላል፤ እርሳቸው ግን በኤሌክትሪክ ቢሄድም ሳይነፋ በፊት የጣቢያው ሹም ምልክት መስጠት አለበት ብለው ገጹን መልሰው ሰጡን። ወንድማችን ያን ስፍራ እየጻፈ ነው።