ከሥራ በፊት በሆጤ

አንባቢ ሆይ፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ በክረምት ማለዳ ሆጤ ላይ በርዎን ሲከፍቱ አስቀድሞ የሚቀበልዎ ሰው ሳይሆን ጉም ነው።

ማታ የተወለወለው ጫማ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጭቃ ይይዘዋል። ከሊስትሮው ዘንድ ቆመው አንዱን አስጠርገው ሌላውን እግር ሲያቀርቡ፣ ባጃጅ ይመጣና ኩሬውን ሱሪዎ ላይ ይረጨዋል። በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ሀብታምና ድኻ ሳይለይ ያስተናግድ ነበርና «አይጠየፍ» ተባለ ይባላል፤ የሆጤም ጭቃ እንዲሁ አለቃና ምንዝር አይለይም።

ቀጥሎ ሰላምታ አለ። የወሎ ሰው «እንዴት አደሩ» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ ስለ ልጁም፣ ስለ ጤናውም፣ ስለ ዝናቡም ይጠይቃል። ጎረቤትዎ እትዬም ከደጃፋቸው ሆነው «ኑ እንጂ፤ አቦሉን እንኳ ቅመሱ» ይላሉ። ይህን ሁሉ ችላ ብሎ የሚሮጥ ሰው ሰዓት ቢያተርፍ ጎረቤት ያጣል።

ነገር ግን ሌሊት ተነሥቶ ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ በቢሮው ደጅ ቆሟል፤ ተማሪውም ክፍሉ ውስጥ ይጠብቃል። የእኛ ሩብ ሰዓት መዘግየት ለዚያ ገበሬ መኪና ማምለጥና የአንድ አዳር ኪራይ ነው።

ስለዚህ ጭቃውንም፣ ሰላምታውንም፣ አቦሉንም ከጉዞው ጋር ቆጥረው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይውጡ። ለቆሸሸ ጫማ ሊስትሮ አለ፤ የባከነ የባለጉዳይ ቀን ግን ጠራጊ የለውም።