የላስታ ብርና የአንጥረኛው እጅ

ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ሰው ዓይኑን ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ጥቂት አንሥቶ የላስታን እናቶች አንገት ቢመለከት ሌላ ቅርስ ያያል፤ ይኸውም በማተብ የተንጠለጠለው የብር መስቀል ነው።

ቀድሞ የአገራችን አንጥረኞች ለዚህ ሥራ ማርትሬዛ ብርን ያቀልጡ ነበር። የኦስትሪያዊቷ ንግሥት ምስል ያለበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ገንዘብ በወናፍና በመዶሻ መስቀል ይሆናል።

ይሁን እንጂ ብር እሳት ሲነካው የሠሪውን እጅ ይረሳል። በፈረንሳይ አገር ንጉሥ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1689 ለጦርነት ወጪ ሲሉ የቤተ መንግሥታቸውን የብር ዕቃ አስቀልጠው ገንዘብ አስመቱበት። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ የብር መቅረዝ ዛሬ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ያለ አግባብ የተሸጠ ቅርስም ከቀለጠው አይሻልም። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው «አፍሮ አይገባ» መስቀል በአንድ ቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ፣ በ1993 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። እሱ ስመ ጥር በመሆኑ ፈላጊ አላጣም፤ የአያታችንን መስቀል ግን ማን ይፈልግልናል?

እናቶች ሆይ፣ በሚዛን የሚገዛ ነጋዴ የሚከፍለው የብሩን ዋጋ እንጂ የእጁን ሙያ አይደለም። ስለዚህ ከመሸጣችን በፊት መስቀሉ የማን እንደነበረ ለልጆቻችን እንንገራቸው፤ ታሪኩን ያወቀ ልጅ በቀላሉ አይሸጠውም።