ወደ ደዶ ሲሄዱ ስኳሩን ከቤት ይወስኑ

ወደ ጅማ ዘመድ ጥየቃ ሊሄዱ ነው እንበል። መኪናው ተፈትሿል፣ የልጆቹ ሹራብ ተይዟል። ለወራት የለፉበት የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ልማድስ? ብዙዎቻችን «ስመለስ እቀጥላለሁ» ብለን እንወጣለን። ቤተሰብ ውስጥ እንደ እናቴ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ ግን ይህ አይሠራም፤ ሕመሙ የዕረፍት ቀን አያውቅም።

ፈተናው የሚጀምረው መንገድ ላይ ነው። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ወሊሶን አልፈው ወልቂጤ ሲደርሱ ምሳ ሰዓት ነው፣ ወልቂጤ ደግሞ የክትፎ አገር ናት። አይቅርብዎ! አንዱን ለሁለት ተካፍላችሁ ጎመኑንና አይቡን አብዙ። ይህን ግን መኪና ውስጥ ሳላችሁ ተስማሙበት፤ የቅቤው ሽታ ከመጣ በኋላ ስምምነት የለም። ከዚያ የጊቤ ቁልቁለት ይመጣል። ሙቀቱ ኢንሱሊን ስለሚያበላሽ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት።

ደዶ ከጅማ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደጋው ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ዝቅ ሲሉ ቡናው ይጀምርና መሬቱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል። ለእግር ጉዞ ከዚህ የተሻለ ጂም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ አምስት ቀን ከቆዩ በየጠዋቱ 30 ደቂቃ ማለት ነው። ከቁርስ በፊት ካልወጡ ግን ቀኑ የእርስዎ አይሆንም፣ የዘመድ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ መራመድ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ስለሚችል ከረሜላ በኪሱ ይያዝ።

ዋናው ነገር ቡናው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባ ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 24 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ ቤት ብቻ ጠጥተው ጨረሱት ማለት ነው፤ በደዶ ደግሞ አንድ ቤት ብቻ ጠጥቶ የሚመለስ እንግዳ የለም።

የቀረበልዎትን ሲኒ መመለስ ባለቤቷን ያስቀይማል። ከሦስት ቀን በፊት ስልክ መደወል ግን ማንንም አያስቀይምም፦ «እትዬ፣ የናንተ ቡና ናፍቆኛል፤ ሐኪም ስኳር ስለከለከለኝ እንዲያው ስጡኝ» ማለት ይበቃል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «ይህ ሲያጋጥመኝ ይህን አደርጋለሁ» ብለው ጊዜና ቦታ ለይተው የሚያቅዱ ሰዎች ግባቸውን የመፈጸም ዕድላቸው እንደሚጨምር አሳይቷል። ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ አልገረመኝም፤ ቀን ያልተቆረጠለት ዕቅድ እኛም ቢሮ ምኞት ነው የሚባለው።

ጭኮ ሲቀርብስ? የገብስ ዱቄቱ መልካም ነው፣ ቅቤው ግን ብዙ ነው። ሁለት ጉርሻ ይብሉና ያመስግኑ።

ስጦታውንም ያስቡበት። ስኳር ላለመብላት ወስኖ ሁለት ኪሎ ስኳር ተሸክሞ መሄድ የኛ ነገር ነው። በምትኩ ጅማ ገበያ ወርደው አቮካዶ ይግዙ፤ ከተረፈም ለቀጣዩ ቁርስ ይሆናል።