ጉልበት

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ ልጅ ብድግ ይላል፤ ጎንበስ ብሎም ጉልበት ይስማል። የአያቴ ጋቢ ጭስ ጭስ የሚል ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። እሳቸው ከላይ ሆነው “እደግ፣ ተመንደግ” ይሉኛል። ሽማግሌ ማለት እንግዲህ ጉልበቱ የሚሳም ሰው ነው ብዬ አደግኩ።

በ1985 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ስወርድ ይህን ይዤ ነው። ልማርበት የሄድኩት የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ኋላ በ1996 ነው። አውቶቡሱ ሻሸመኔንና ወላይታ ሶዶን አልፎ አባያን በግራ እያስቀረ ሲሄድ ሐይቁ እንደ ደፈረሰ ጠላ መስሎ ታየኝና ደነገጥኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ገብቷቸው “አይዞህ ልጄ፣ አባያ ሁሌም ቀይ ነው። ጫሞን ደግሞ ታየዋለህ፤ እሱ ሰማያዊ ነው” አሉኝ። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን የእግዜር ድልድይን ከከተማዋ ላይኛ ሰፈር ከሴቻ ቁልቁል ባየሁት ቁጥር እኚያ ሴት ትዝ ይሉኛል። እንግዳ መሆኔን ነግሬያቸው አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ነገሩ ሁሉ አዲስ ሆነብኝ። ሙቀቱ ሌሊት ያስነሳኛል። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ያከራዩን ሴትዮ ከደጃቸው ዛፍ ላይ ቅጠል ቀንጥሰው ድስት ውስጥ ሲጨምሩ ሳይ መድኃኒት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሀለኮ ነው፣ እኛ ሽፈራው የምንለው። እኔ የማውቀው የሚበላ ቅጠል ጎመን ብቻ ነበር። በሳምንቱ ለመድኩት፤ በወሩ “ሀለኮ የለም ወይ?” ባይ ሆንኩ።

ልቤን የነካኝ ግን ተራራው ነው። የ1985ን ክረምት ወደ ቤቴ ሳልሄድ ቀረሁ፤ መንገዱም ሩቅ፣ ኪሴም ባዶ ነበር። መስከረም ሲጠባ አንድ የክፍል ጓደኛዬ “መስቀልን እኛ ቤት ትውላለህ” ብሎ ጨንቻ አጠገብ ወዳለችው ዶርዜ ይዞኝ ወጣ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ግድም ናት፤ ጨንቻ ከ2,700 በላይ። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ላቤ እየደረቀ፣ ጭጋጉ እየወፈረ ሄደ፤ ስንደርስ የለበስኳት ሸሚዝ አልበቃ አለችኝ። የጓደኛዬ እናት ምንም ሳይጠይቁኝ ቡልኮ አለበሱኝ።

ቤታቸው ከቀርከሃ የተሠራ፣ ቁመቱ ከጎጃም ጎጆ ሁለት እጥፍ የሚሆን ነው። ከበሩ በላይ ወደፊት ቀደም ያለ ነገር አለው፤ ፊት ለፊት ሲያዩት ዝሆን ይመስላል። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከታች ይቆርጡታል፤ ቤቱ በየዘመኑ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም። “ይሄን አያቴ ነው የሠራው፤ ያኔ ከዚህም ይረዝም ነበር” አለኝ ጓደኛዬ።

ጓሮ ስንዞር አባቱ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ሸማ ይሠራሉ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። በእኛ ሰፈር ሸማኔ ሲባል ድምፅ ዝቅ ይላል። እናቴ ሌሊት በእንዝርት የፈተለችውን ማግ ይዤ ስላክ “ዓይን ለዓይን እንዳትጋጠሙ፣ የሰጡህንም እንዳትቀምስ” ተብዬ ነው የምሄደው። ቡዳ ነው ይባላል። ያ ሰው የሠራውን ጋቢ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ ከእሱ ጋር ግን ማዕድ አንቀርብም። ዶርዜ ደግሞ ወንድ ሁሉ ሸማኔ፣ ሴት ሁሉ ፈታይ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ አዲስ አበባን የሚያለብሰውም የዚህ አገር ልጅ ነው። ዶርዜ የሚገኝበት የጋሞ ሕዝብም የራሱ ነውር እንዳለው፣ ሸክላ ሠሪውንና ቆዳ ፋቂውን ከጋብቻና ከማዕድ ሲያርቅ እንደኖረ ጓደኛዬ ራሱ እያዘነ ነገረኝ።

አባቱ መወርወሪያውን አቁመው ከጉድጓዱ ወጡ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ። ከዚያ ተቀምጠን ቆጮ በዳጣና በማር በላን። ማዕዱ ላይ እጃችን ሲገናኝ በልጅነቴ የተነገረኝ ሁሉ ትዝ አለኝ፤ አፈርኩም።

የጋሞ መስቀል እንደ እኛ ደመራ አንድዶ በማግሥቱ የሚያበቃ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ለበሬ መግዣ ሲቆጥቡ ከርመው፣ ከያለበት ተጠራርተው “ዮ ማስቃላ” እየተባባሉ ብዙ ቀን ይውላሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ገበያ ወጥተን ሳለ ሁለት ጎረምሶች በቅርጫ ገንዘብ ተጣሉ። አንደኛው ዱላ አነሳ። ሰው ሲጮህ፣ ጥግ ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጩ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው በሁለቱ መካከል ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። አንድ ቃል አልተናገሩም።

ልቤ ቆመ። በእኛ አገር በዳዩ ነው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ እግር ላይ የሚወድቀው፤ ሽማግሌው ዛፍ ሥር ተቀምጦ “ተው፣ ይቅር በለው” ይላል። ሣርም ቢሆን እኛ ቤት ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዝ፣ የሚረገጥ ቄጤማ ነው። እዚህ ምንም ያልበደሉ ሰው፣ የልጅ ልጃቸው ለሚሆን ጎረምሳ ተንበረከኩ። ሮጬ ላነሣቸው ስል ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ። “ተው፤ አሁን ማንም አያልፋቸውም” አለኝ።

እንዳለውም ሆነ። ልጁ ዱላውን ጥሎ፣ እያለቀሰ፣ ሽማግሌውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ነገሩ በማግሥቱ ዱቡሻ ላይ፣ ሸንጎው በሚቀመጥበት ሜዳ፣ ታየ። ያን ሣር አልፎ መማታት ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት ነውር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዝናብ የሚያስቀር፣ ልጅ የሚያሳምም፣ ከአንድ ሰው ጥፋት ተነሥቶ ለሁሉ የሚተርፍ ነገር ነው ብለው ያምናሉ።

ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። በመስከረም 2011 አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ ሰዎች በግፍ ተገደሉ፤ ከሟቾቹና ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ የዚያው የሽመናው አገር ልጆች። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ተቆጥቶ ወጣ፤ ቁጣውም በደሉን ወዳልፈጸሙ የከተማው ነዋሪዎች አመራ። እኔ አዲስ አበባ ቤቴ ተቀምጬ ምስሉን አየሁ። አስፋልቱ ላይ ሽማግሌዎች ተንበርክከዋል። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ወገኖቻቸው የሞቱባቸው እነሱ ናቸው፤ ለማኞቹም እነሱ ሆኑ። ልጄ “አባዬ፣ ለምንድን ነው የተንበረከኩት? ምን አጥፍተው ነው?” ስትለኝ ድምፄ አልወጣ አለኝ። ወጣቶቹ ሣሩን አልፈው አልሄዱም፤ ተመለሱ።

አርባ ምንጭ የምትሄዱ ሁሉ፣ አዞውንና አርባውን ምንጭ ካያችሁ በኋላ አንድ ቀን ጨምሩ። ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ናት። ሹራብ ያዙ፤ የሰጧችሁንም ብሉ። ዱቡሻው አጠገብ የተቀመጡ አባት ካገኛችሁ ቀና ሊያደርጓችሁ ይሞክራሉ፤ እሺ አትበሉ። ጉልበታቸውን ሳሙልኝ።